የልጄ ዶቃና የእኔ ብርድ ልብስ

በዚያች ቅዳሜ አል ዓይን ከተማ፣ የልጄ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ አበራ፣ ልጃችን ሜሮን፣ ህንዳዊት መምህሯ፣ አሮጌና አዲስ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብሶች፣ እንዲሁም ከጨው ቅንጣት የማትበልጥ አንዲት ዶቃ። ከሁላችን አስተዋይዋ ማን እንደነበረች ኋላ ትፈርዳላችሁ። ለአሁኑ አንድ ነገር ልናገርና የፈለገ ይቀየመኝ፦ በዚህ የዓረብ አገር ሰው የሚጎዳው በፀሐዩ ሳይሆን በኤሲው ብርድ ነው!

እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ዶቃዋ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ፖሊመር ከሚሉት ለስላሳ ፕላስቲክ ነው የተሠራችው። ብርሃን ይለቁባታል፤ ብርሃኑ ገብቶ በውስጧ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ኤሌክትሪክ ያለው ነገር ሲጠጋት፣ ሳይነካት እንኳ፣ ቅንጣት ታህል ትለጠጣለች። ስትለጠጥ የብርሃኑ አዟዟር ይለወጣል፤ ኮምፒውተሩም ለውጡን መስመር አድርጎ ያሳያል። በአጭሩ፣ የማይታየውን ኤሌክትሪክ በሩቅ የምታሸት ዶቃ ናት። ሶኬት ስሰካ ዓይኔን የምጨፍን ሴት፣ እንዲህ ያለ ነገር የምትሠራ ልጅ ወለድኩ...

ችግሩ፣ መስመሩ አልረጋም አለ። ምንም ሳይቀርባት ይዘላል። መምህሯም በዚያ ሳምንት ካልረጋ ሥራው ለሌላ ተማሪ እንደሚሰጥ ነገረቻት። ሜሮን ይህን በስልክ እያለቀሰች ስትነግረኝ እኔ የሰማሁት የአፍንጫዋን መታፈን ብቻ ነው። ብርድ መቷታል አልኩ። አበራ፣ ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው ይታፈናል ሊለኝ ሞከረ። ወንድ ስለ ብርድ ምን ያውቃል? ላቦራቶሪው ይቀዘቅዛል ያለችኝ ጊዜ የላክሁላት ብርድ ልብስ አንሷት ነው ብዬ፣ ከአል ዋሕዳ የገበያ አዳራሽ ድርቡን፣ ነብር የተሳለበትን ገዛሁና መኪናው ውስጥ ጫንኩት።

ስንደርስ ክፍሉ የሚና ዛይድ ገበያ ዓሣ የሚተኛበት በረዶ ነው። ሜሮን አሮጌውን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ተከናንባ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች። አበራን አላልኩህም ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግሁትና ነብሩን ከላስቲኩ አውጥቼ ዘረጋሁት። ጠሽ፣ ጠሽ አለ። መስመሩ ጣሪያ ነካ።

«ማሚ፣ ዶንት ሙቭ» አለች ሜሮን።

እናንተ ብትሆኑ ትቆማላችሁ? እኛ ቤት አትንቀሳቀሺ ከተባለ በረሮ አለ ማለት ነው። ዘለልኩ። መስመሩም አብሮኝ ዘለለ።

መምህሯ መነጽሯን አወለቀች። በሜሮን አስተርጓሚነት ቅረቢ፣ ራቂ፣ ነብሩን አራግፊው እያለች ወዲያ ወዲህ አመላለሰችኝ። ስቀርብ መስመሩ ይወጣል፤ ስርቅ ይወርዳል። ከዚያ ጣቷን ወደ ሜሮን ትከሻ ዘረጋች። ወደ አሮጌው ብርድ ልብስ!

አበራ ሁለቱንም ተሸክሞ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። መስመሩ... ጡት ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን ጸጥ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ዶቃዋ ጤነኛ ነበረች፤ ብርድ ልብሱ በደረቁ አየር እየተፋተገ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ነው ስትናገር የከረመችው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሏችኋል እንዲህ ነው።

መምህሯ ስቃ ስታበቃ፣ ዶቃዋ እንደምትሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም፤ ሥራው የሜሮን ነው አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት አበራ «ኸላስ፣ በቃ፣ እዚህ አይሆንም» ብሎ ያዘኝ። ልጄን ልስም ብጠጋ ደግሞ እሷ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ማሚ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ብረቱን ንኪ። ከዚያ ትስሚኛለሽ።»

ነካሁ። ጠሽ አለ። ሳምኳት።

ሥራዋ ተረፈላት፤ ተመስገን። ልጄ ግን አሁን ያለ ብርድ ልብስ በዚያ በረዶ ውስጥ ናት። መምህሯ ጥጥ ከሆነ ዶቃዋ ፊት ይሞከራል ስላለች ጋቢ በሰው ልኬያለሁ። ሥራ ላይ ስልኳን አጥፍታ ስለምትውል መድረሱን አላወቅሁም። አል ዓይን ያላችሁ፣ ረዘም ያለች፣ ጠይም፣ መነጽር የምታደርግ ሜሮን የምትባል ተማሪ ካያችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።