ያለ ቪዛ ሦስት አገር የኖረ ቤት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የማታውቀው ደጅ ከገጠመህ ተሳለመው፤ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ትባረካለህ፣ ካልሆነም ግድግዳ አይታዘብህም» ይል ነበር። ነጋ ጠባ ይላት ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየሁ ያለችኝን ዕውቀት የቀዳሁት ከእሱ ነው። ታዲያ አባቴ ሎስ አንጀለስን የት ያውቃታል? እዚህ ግድግዳውም ይታዘባል፤ ካሜራ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ነው የኖርኩት። ሥራ አይናቅም፤ ግን እሁድ ኦፍ የለውም። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ሊበላ ሲመጣ፣ የእኔ ድርሻ መኪናቸው ወንበር ላይ የረሱትን የጠበል ጠርሙስ ማየት ነበር። ሶ፣ የማኅበር ወንድሜ ሙሉጌታ እሱ የሚያጸዳበት ሙዚየም ጥበቃ እንደሚፈልግ፣ እሁድም ዝግ እንደሆነ ሲነግረኝ ደመወዙን እንኳ ሳልጠይቅ «አሜን» አልኩ።

ሙዚየም ያሉት ከዳውንታውን ወዲያ ያለ አንድ አሮጌ የጭቃ ጡብ ቤት ነው። ታሪኩን አስጎብኚዎቹ ሲያወሩ እየሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ። ይህን አገር ስፔኖች ሲገዙት አንድ ከብት የበዛለት ወታደር ሠራው። «ሠራው» ይላሉ እንጂ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው ያቦኩት የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ግን የእሱ ስም እንጂ የእነሱ የለም። ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ስማቸውን አያጣውም። ከዚያ ስፔን ሄደ፣ ሜክሲኮ መጣ፤ ሜክሲኮ ሄደ፣ አሜሪካ መጣ። ቤቱ ካለበት ንቅንቅ ሳይል፣ ያለ ቪዛ፣ ሦስት አገር ኖረ! እኔ አንድ አገር ለመግባት ስንት ዓመት ዲቪ ሞላሁ? ኋላ ሆቴል ሆነ፣ የዶሮ ቤት ሆነ፣ ጭራሽ ፈርሶ ፓርኪንግ ሊሆን ሲል የሰፈሩ ባልቴቶች ደጁ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠው አስጣሉት። ፓርኪንግ ቢሆን ኖሮም መቼም የምቀጠርበት እኔው ነበርኩ።

አሁን እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያዘው። ግድግዳውን መንካት ክልክል ነው፤ የእጅ ወዝ ጭቃውን ይበላዋል ይላሉ። ይህንን ግን የነገሩኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ ከች አልኩ። ቀና ስል በሩ አናት ላይ መስቀል፣ ጎኑ ላይ ደወል! ሙሉጌታ አሮጌ ቤት አለኝ እንጂ መስቀል አለው አላለኝም። እግሬ እኔን መች ጠየቀኝ? ጫማዬን አወለቅኩ፣ አማተብኩ፣ መቃኑን ግራና ቀኝ ስሜ ገባሁ። ዞር ስል ምን ልይ? ከአውቶቡስ የወረደው ቱሪስት ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ያደረገው ነገር ሕግ መስሏቸው! አንድ ባለ ቁምጣ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ መቃኑን ሳመ። ሚስቱ ደግሞ መጀመሪያ ቀኙን ነው ግራውን ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንግሊዝኛ ሲጠፋኝ «ኦኬ» ነው መልሴ፤ «ኦኬ» አልኳት። ሁለቱንም ሳመች። ባለ ሊፕስቲክ ነበረች።

ማናጀሯ ሊንዳ ስትወጣ፣ ስፔንም ሜክሲኮም አሜሪካም ባልደፈሩት መቃን ላይ ቀይ ከንፈር ታትሟል። የእሷ ፊት ከሊፕስቲኩ በልጦ ቀላ። እኔ በካልሲ ቆሜ በልቤ «እመቤቴ፣ እሁዴን አደራ» እላለሁ። ሙሉጌታ መጥረጊያውን ጥሎ እየሮጠ መጣና እኔ ያልተናገርኩትን ሁሉ በእንግሊዝኛ አስረዘመው። ምን አልካት ብዬ ብጠይቀው፣ «በእኛ አገር ታላቅ ቤት በጫማ አይገባም፣ ለቤታችሁ ክብር ነው አልኳት። አንተ ብቻ አንገትህን ድፋና ቅዱስ ምሰል!» አለኝ። መምሰሉስ አላቃተኝም፤ ፍርሃት ሰውን ለጊዜው ያመነኩሳል።

ሊንዳ ወለሉን አየች። ለካ ያ አሮጌ ጣውላ በጎብኚ ጫማ ተፍቆ ሊያልቅ ደርሶ ኖሯል፣ እሷም መላ ስትፈልግ ከርማለች። መሳም ተከለከለ፤ ጫማ ማውለቅ ሕግ ሆኖ ጸደቀ። እኔም መባረሬ ቀርቶ የጫማ ኃላፊ ተደርጌ ተሾምኩ። በሹመት ደረጃ በቤተሰባችን የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ምስጋናው ትንሽ ቸኮለ። ቱሪስቶቹ በካልሲ የተነሡትን ፎቶ በየስልኩ በተኑት፤ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ሊንዳ ጠርታኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረገች፣ በአንተ የተነሣ ከእንግዲህ እሁድም እንከፍታለን አለችኝ። ሽልማት መስሏት! ሙሉጌታን እሁድ እሁድ ተካኝ ብዬ ብለምነው፣ «እኔ ጽዳት ነኝ፤ የጫማ ኃላፊው አንተ ነህ ጌታዬ። አይዞህ፣ ቅዳሴው ላይ ስምህን አነሣልሃለሁ» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

የመጀመሪያዋ እሁድ ደረሰች። ደጁ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ እኔ ከጎኑ አንገቴን ደፍቼ የዘወትር ጸሎቴን አነበንባለሁ። አይቻት የማላውቅ አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ እየተጣደፈች መጣች። መስቀሉን አየች፣ የጫማውን ክምር አየች፣ እኔን አየች። የራሷንም አውልቃ ክምሩ ላይ ጨመረችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ወንድሜ፣ ቅዳሴ ገብቷል እንዴ?»