ጎረቤት ሦስተኛ ወገን ነውን?

ዛሬ ጠዋት ከአልጋዎ ሳይወርዱ የአንድ የማያውቁትን አገር ሕግ ተቀብለዋል። አላስታወሱም? ስልክዎ ላይ አዲስ ነገር ሲጭኑ ከታች «እስማማለሁ» የምትል ሰማያዊ ቁልፍ ነበረች፤ እሷን ነክተዋል። ከእሷ በላይ የተንጋለለውን ረጅም ጽሑፍ እንዳላነበቡት አውቃለሁ። እኔም አላነበብኩትም፣ ያውም የሕግ አስተማሪ ሆኜ። እዚያ ውስጥ ግን፣ ብንጣላ የምንዳኘው በእነ እገሌ አገር ሕግ፣ በእነ እገሌ ከተማ ፍርድ ቤት ነው የሚል ቃል አለ። አያቶቻችን አንድ ንጉሥ ነበራቸው፤ እሱንም ቢሆን የሚያውቁት በሩቁ ነው። እኛ በኪሳችን የስንቱን አገር ሕግ ይዘን እንደምንዞር እግዜር ይወቀው።

የማስተምረው ትምህርት የሕግ ፍልስፍና ይባላል። ስሙ ሲጠራ ያስፈራል እንጂ ውስጡ ሲገባ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሕግ ማለት ምንድን ነው? አንዱ ወገን፣ ሕግ ማለት ከኋላው ዱላ ያለው የገዢ ትእዛዝ ነው ይላል። ሌላው፣ የለም፣ ከሰው ልቦና የሚፈልቅ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሁለታችሁም ተዉት፣ ሕግ ማለት ዳኛው ነገ የሚወስነው ነው ብሎ ይገላገላል። ተማሪዎቼ ሦስቱንም ይሸመድዱና ፈተናው ባለቀ ማግስት እርግፍ አድርገው ይተዋቸዋል። አልፈርድባቸውም። ለእኔም ቢሆን ነገሩ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ፣ ሥጋ ለብሶ የታየኝ መርካቶ ውስጥ፣ ጋሽ ከድር ሱቅ ነው።

ጋሽ ከድር የስፌት መኪና ነጋዴ ናቸው። እናቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልብስ ሰፊ ስለነበረች፣ መርፌና ቀበቶ ከእሳቸው እየገዛሁ ነው ያደግኩት። አስተማሪ ነኝ ብላቸው ብሠራቸው፣ ዛሬም ድረስ የሚጠሩኝ «ዳኛው» እያሉ ነው። ከሱቃቸው ጎን፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ እትዬ አስካለ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ በጅምላ ይሸጣሉ። ጋሽ ከድር ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሲሄዱ እትዬ አስካለ በሁለቱ ሱቆች መካከል እየተመላለሱ ሁለቱንም ይሸጣሉ። እትዬ አስካለ በወሩ መባቻ ራጉኤልን ሊሳለሙ ሲሄዱ ደግሞ ጋሽ ከድር እንዲሁ ያደርጋሉ። ለቅሶም ቢሆን፣ ሐኪም ቤትም ቢሆን ያው ነው። ከመቼ እንደ ጀመሩ ብጠይቃቸው ሁለቱም አያስታውሱም። የተጻፈ ነገር የለም፤ የተማማሉበትም የለም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ጋሽ ከድር ኢስታንቡል ካለ አንድ የስፌት መኪና ፋብሪካ ውክልና አገኙ። ዕድሜ ልካቸውን የሌላ አስመጪ ዕቃ ሲቸረችሩ የኖሩ ሰው፣ በስተርጅና የራሳቸውን ታፔላ ሰቀሉ። ደስታቸው ለእኛም ተረፈ። ውሉን ደግሞ አንብበው ነው የፈረሙት፤ በደንብ ተተርጉሞላቸዋል። አንደኛው አንቀጽ ሱቁ በሥራ ሰዓት ለአፍታም አይዘጋም ይላል። ሌላው አንቀጽ ከወኪሉና ከተመዘገበ ሠራተኛው በስተቀር ማንኛውም ሦስተኛ ወገን ከባንኮኒው ጀርባ አይቆምም ይላል። ጋሽ ከድር በሁለቱም ተስማሙ። ሦስተኛ ወገን ማለት ከመንገድ ዘው የሚል ሰው ነዋ! ሌባ ሊሆን ይችላል፣ ባንኮኒ ጀርባ ምን ይሠራል? እትዬ አስካለ ሦስተኛ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ማሰብ መርካቶ ተወልዶ ላደገ ሰው አይሆንለትም።

ኩባንያው አልፎ አልፎ ገዢ መስሎ የሚመጣ ታዛቢ ይልካል። ሰውየው እንደ ፈረደባቸው የመጣው ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ትልቁን መኪና እፈልጋለሁ ቢል እትዬ አስካለ ምን ልትሰፋበት ነው ብለው አፋጠጡት። የቤቴን መጋረጃ አለ። ለእሱማ ይሄ ይበዛብሃል፣ ገንዘብህን አትበትን ብለው አነስተኛውን አወረዱለት። ክር አስገብተው፣ ቁራጭ ጨርቅ ሰፍተው፣ ዘይት በየት በኩል እንደሚጠጣ አሳይተው፣ ከራሳቸው ሱቅ አንድ ድውር ክር መርቀው ሸኙት።

ብዙም ሳይቆይ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያው ላይ፣ በሱቁ መስተንግዶ እጅግ መደሰታቸውን ይገልጻል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ መስተንግዶውን የሰጡት ሴትዮ ማንነት ስላልታወቀ ውሉ ሊቋረጥ መሆኑን ያስታውቃል።

ጋሽ ከድር ጠርተውኝ ሄድኩ። ሠራተኛ መቅጠር አቅቷቸው አልነበረም። ከነገ ጀምሮ አንድ ሰው አስመዝግበው ዓርብ ዓርብ ቢያስቀምጡ ውክልናው ይተርፋል፤ ያንን እሳቸውም ያውቁታል። የከበዳቸው ሌላ ነው።

«ቀጥሬስ አስካለን ምን እላታለሁ?» አሉኝ። «ከዛሬ ወዲያ ከባንኮኒው እንዳታልፊ ልበላት? እንዲህ ከምላትማ ታፔላውን ባወርድ ይቀለኛል።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ታፔላው ላይ ነበር። አንጀቴን በሉት።

እኔም የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ ብልሃት ፈጠርኩ። እትዬ አስካለን በወረቀት ላይ ሠራተኛ አድርገን፣ ለወጉ ትንሽ ደሞዝ ቆርጠን ብናስመዘግብስ? በራሴ ተደንቄ ወደ ጎን ሱቅ ተሻገርኩ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዳመጡኝና፣ መልካም፣ እኔ ዓርብ የእሱ ተቀጣሪ ከሆንኩ ለራጉኤል ዕለት እሱ የእኔ ተቀጣሪ ሊሆን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በሕጉ መሠረት አዎ አልኳቸው። እንግዲያው ሁለታችንም አለቃ፣ ሁለታችንም ሎሌ ሆንን ማለት ነው ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቁን አቆሙና፣ ጎረቤቴ ነው፣ ደሞዝ አልበላበትም አሉ። ብልሃቴን ይዤ ተመለስኩ።

የቀረን የኩባንያውን የሕግ ሰው ማነጋገር ነበር። ስልኬን አንድ የስፌት መኪና ላይ አስደግፈን በቪዲዮ ደወልን። ኤሊፍ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ጋሽ ከድር ገና ፊቷን ሲያዩ «ልጄ» ብለው ጀመሩ፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ጥያቄዋን ተራ በተራ ጠየቀች። ሠራተኛዎ ናቸው? አይደለችም። ሸሪክዎ ናቸው? አይደለችም። ዘመድ? እኔ ከስልጤ፣ እሷ ከጎጃም፣ ዝምድናው ከየት ይመጣል አሉ። ታዲያ ምንዎ ናቸው ስትላቸው፣ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ፊት፣ ጎረቤቴ ናት አሉ። ኤሊፍ ይህን የምታሰፍርበት ቦታ ወረቀቷ ላይ አልነበራትም።

ቀጥላ የጠየቀችው ግን እኔ ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማስጨንቅበትን ጥያቄ ነው። አንድ ዓርብ አልመጣም ቢሉስ? ማን ያስገድዳቸዋል? ተረጎምኩላቸው። ዱላ የሌለው ነገር ሕግ ይባላል ወይ ማለቷ እኮ ነው።

«ማንም» አሉ ጋሽ ከድር። ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። «ካልመጣች አሟት ነው። ሱቄን ዘግቼ ልጠይቃት እሄዳለሁ።»

ተረጎምኩላት። ኤሊፍ ፈገግ ብላ፣ ያኔ ሌላኛውንም አንቀጽ ይጥሱታል ማለት ነው አለች። አዎ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ እጥሰዋለሁ አሉ።

እዚህ ላይ አስተርጓሚነቴን ትቼ ገባሁበት። ዳኛው ካሉኝ አይቀር ብዬ። ሁለቱን አንቀጾቻችሁን አንድ የሚሰግድ፣ የሚያለቅስ፣ የሚታመም ሰው ብቻውን ሊያከብራቸው አይችልም፤ ሱቁ ሳይዘጋ የኖረው እትዬ አስካለ ስላሉ ነው አልኳት። ደብዳቤያችሁ ያመሰገነው እሳቸውን ነው። ስለዚህ ውሉ እንዲከበር ከፈለጋችሁ እሳቸውን አታስወጡ፣ አስገቧቸው። እንግዲያው የአዲስ አንቀጽ ረቂቅ አብረን እንሥራ አለችኝ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ እንዲህ ሆነ፤ «ጎረቤት ሦስተኛ ወገን አይደለም። ጎረቤት ማለት ወኪሉ ሱቁን የሚጠብቅለት፣ የወኪሉንም ሱቅ በተራው የሚጠብቅ ሰው ነው።» አለቆቿ ተስማሙ፤ ከአንቀጹ ሥርም የእትዬ አስካለ ስም ተጻፈ። ታፔላውም ዓርቡም በየቦታቸው ቀሩ። እትዬ አስካለ ስማቸው በውል ላይ ኢስታንቡል መግባቱን ሲሰሙ የጠየቁት የአባታቸው ስም በትክክል መጻፉን ብቻ ነው።

እኔ ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ ኤሊፍ ደወለች። አንቀጹ ለካ አለቆቿን አስደስቶ፣ በየአገሩ ላሉት ወኪሎች በሙሉ ውል ውስጥ ገብቷል፤ የጎረቤት ስም መሙያ ቦታም ተበጅቶለታል። ካይሮም ሞልተው ልከዋል፣ ዳካም ሞልተው ልከዋል። ከመርካቶ የወጣ ሕግ ባሕር ተሻገረ ብዬ ደረቴን ልነፋ ስል፣ አንድ ችግር አለ አለችኝ። በአንድ ትልቅ ከተማ፣ መስታወት በመስታወት በሆነ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ወኪል ቦታውን ባዶ ትቶ መልሶታል። ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም፣ ምን ብዬ ልሙላው ብሏል።

ጥያቄውን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ጋሽ ከድር አዘኑለት፤ ሻይ ይጋብዛቸው አሉ። እትዬ አስካለ በሻይ አልተስማሙም። ጎረቤቱ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ሄዶ፣ ግድ የለህም ሱቅህን እኔ አይልሃለሁ ይበለው አሉ። እኔ መቼም የሕግ ሰው ነኝ፣ ጎረቤቱ ውለታውን ባይመልስለትስ አልኳቸው።

«አንዱ መጀመር አለበት እኮ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ምክሩን ለኤሊፍ እንዳለ ጻፍኩላት። ባለፈው ሳምንት ቅጹ ተሞልቶ መጣ። ጎረቤቱ የእጅ ሰዓት ሻጭ ነው። ወኪሉ ከስሙ ሥር በእጅ ጽሑፍ፣ ትናንት ሲወጣ ሱቁን ጠብቄለት አንድ የእጅ ሰዓት ሸጥኩለት፣ የእኔን ግን ገና አልጠበቀልኝም ብሏል። ኤሊፍ ይህ ሰው ጎረቤት ይባላል ወይስ አይባልም ብላ ጠየቀችኝ። እኔው በእጄ በጻፍኩት አንቀጽ መሠረት ገና አይባልም።

ይባላል አልኳት።