መንግሥትን ስለ አመድ ምን አገባው?

ደብረ ታቦር ውስጥ ተመራማሪ ነኝ ብሎ ቤት መከራየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አከራዬ ገና የግቢውን በር ሳያስገቡኝ ሥራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ታስተምራለህ? አሉኝ። አላስተምርም። ታክማለህ? አላክምም። ታዲያ ምን ትሠራለህ? ድንች አያለሁ አልኳቸው፤ የትኛው ድንች በሽታ እንደሚችል እየተከታተልኩ እመዘግባለሁ። ማን ይከፍልሃል? መንግሥት። ሴትዮዋ፣ መንግሥት ድንች እንድታይለት ይከፍልሃል? ብለው ደገሙት። ቤቱንስ ሰጡኝ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር እንደ በሽተኛ ያዝኑልኝ ነበር።

እውነቱን ልናገርና እኔም ያኔ ከእሳቸው ብዙ አልሻልም ነበር። መንግሥት ለምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ለምንድን ነው ብትሉኝ፣ የምመልስላችሁ ከማመልከቻው ቅጽ ላይ ገልብጬ ነበር። ቅጹ «ዓላማ» ይላል። እኛ ደግሞ ምርታማነትን ማሳደግ፣ የምግብ ዋስትናን ማረጋገጥ፣ የአርሶ አደሩን ችግር መፍታት ብለን እንሞላለን። በየዓመቱ ያው ነው። የአርሶ አደሩ ችግር ምን እንደሆነ የሚጠይቀን የለም፤ እኛም አርሶ አደሩን አንጠይቅም።

የእኔ ድንች የተተከለው ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ በእትዬ አንጓች ማሳ ላይ ነው። እትዬ አንጓች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ቀና ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ማሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ማሳውን በትንንሽ መደብ ትከፍላለህ። በግማሹ መደብ ላይ የበሽታ መድኃኒት ትረጫለህ፣ ግማሹን ምንም ሳታደርግለት ትተዋለህ። ምንም ያልተደረገለት ከሌለ መድኃኒቱ መሥራቱን በምን ታውቃለህ? ድንች ደግሞ በእኛ ደጋ አንድ ክፉ በሽታ አለበት። ጉሙና ዝናቡ ሲበረታ ቅጠሉን አጥቁሮ በሳምንት ውስጥ ያጋድመዋል። የተከልኩት አዲስ ዓይነት ነው፤ ያለ መድኃኒት በሽታውን ይችል እንደሆነ ለማየት። ገንዘቡ የተፈቀደው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ ማሳውን ሊያይ ይመጣል። ከዘጉት እኔም ቢሮ ተመልሼ የሌላ ሰው ወረቀት ሳገላብጥ ልኖር ነው።

ድንቹ አልታመመም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ ተጋመሰ፣ ያልተረጨው ከተረጨው እኩል ለምልሞ ቆመ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ስሄድ ሰው ሁሉ ሊጨብጠኝ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ፣ ጭቃውን ሳይጠየፉ ከመደብ መደብ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ስለ አዲሱ ድንች ግማሽ ሰዓት ሙሉ አብራራሁላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና ወደ እትዬ አንጓች ዞረው፣ እርስዎስ ምን አዩ? አሏቸው።

«እኔማ አመድ ነሰነስኩላቸው» አሉ እትዬ አንጓች።

ለየትኞቹ? አሉ ሰብሳቢው።

«ለነዚህ ለተበደሉት ነዋ። ይኸ ልጅ ግማሹን መድኃኒት አጠጥቶ ግማሹን እንዲያው ትቶት ይሄዳል። እኔ ቤቴ ከገባ ሰው ግማሹን አብልቼ ግማሹን ጦሙን ሰድጄ አላውቅም። ደሞስ በፍልሰታ ስንቱ ሰው ነው በዚህ የሚያልፍ? ባሏ ቢሞት ማሳዋን ጣለችው ልባል ኖሯል?»

ለካ እኔ ዞር ባልኩ ቁጥር ሴትዮዋ ገሳይ ይወርዳሉ። አረቄ ከሚያወጡት ሴቶች አመድ ይለምናሉ። በጆንያ ሞልተው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። ከዚያ ያልተረጨውን መደብ ሁሉ ቅጠል በቅጠል ይነሰንሱታል፤ እኔ እስክመለስ ዝናቡ ያጥበዋል። እናታቸውም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር አሉ። አመድ በሽታ ያባርራል።

የዓመት ሥራዬ አፈር በላ። ድንቹን ያዳነው ዓይነቱ ይሁን፣ አመዱ ይሁን፣ ወይስ ዝናቡ ሳሳ ያለ ክረምት ስለነበር ይሁን ማንም አያውቅም። ተዘጋ ብዬ ደመደምኩ። ሰብሳቢው ግን፣ እንግዲያው ከርሞ ለአመዱም የራሱን መደብ ስጠውና እንወቀው አሉኝ። ዓመቱን ጨመሩልኝ ማለት ነው። ወደ መኪናው ስንመለስ ለምን እንደጨመሩልኝ ደፈር ብዬ ጠየቅኋቸው። መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ መድኃኒቱን ያስፈትናል፤ አመድን ግን የሚሸጠው ስለሌለ የሚያስፈትነውም የለም፤ መንግሥት ካልጠየቀላቸው እኒህ ሴት ዝም ብለው ይሸከማሉ አሉኝ። በዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያስረዳኝ አልነበረም። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ችግር ቀረን። ባዶው መደብ እውነትም ባዶ መሆን አለበት፤ እትዬ አንጓች ደግሞ ስማቸው እንዲጠፋ አይፈልጉም። መላውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። የእኔ አለመሆኑን ሰው ይወቀው፣ ጽፈህ ትከልልኝ አሉኝ። «ይህ መደብ የመንግሥት ነው» ብዬ ሰሌዳ ተከልኩ። ድንቹ ሲጠቁር ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሰሌዳውን እያነበበ፣ ምንም ሳይደንቀው ያልፍ ነበር።

አዎ፣ ጠቆረ። የዚያ ዓመት ዝናብ ዝናብ ነበር። መድኃኒት የተረጨው ዳነ። ምንም ያልተደረገለት ሞተ። አመድ የተነሰነሰበትም በዚያው ሳምንት አብሮት ሞተ። የእኔ ድንችም የእትዬ አንጓችም አመድ እኩል ወደቁ።

የእኔን ውድቀት ለመሥሪያ ቤቴ መናገር አልከበደኝም። የእሳቸውን ለእሳቸው መናገር ግን አስፈራኝ። የእናታቸው ነገር ነዋ። አገር የሚፈልገው፣ በመጨረሻ የአባቶቻችን ጥበብ አሸነፈ እንዲባል ነበር፤ እኔም እንደዚያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ማሳው ዳር አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እትዬ፣ አመዱ ምንም አላደረገም፣ ባያመጡትም ያው ነበር አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ወደ ወገባቸው ወሰዱ።

«እናቴ በዚህ አመድ ነው የጎበጠች» አሉ። «ያኔ የሚነግራት ሰው አልነበረም። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ለላከህም ይስጥልኝ። በጆንያው ድንች አገባበታለሁ።»

እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም። እንደዚያ ቀን ደመወዜን በደስታ የበላሁበት ቀን የለም።

ሪፖርቴን ጻፍኩ። አዲሱ ድንች በሽታውን አልቻለም፣ አመድ በሽታውን አይከላከልም፣ እትዬ አንጓች አመድ መሸከም ትተዋል አልኩ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። መልካም ነው፣ ይላል ማስታወሻው፣ ነገር ግን የተገኘው ጥቅም በቁጥር ይገለጽ። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ከዚያ አስተካክዬ ላክሁ፦ «አንድ ወገብ።»