ውሃው አልተቆረጠም

ሰው አይቶት በማያውቀው ነገር ላይ ሲመክር አያመነታም። ያየውማ «እንደ ሁኔታው ነው» ይላል፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። ያላየው ግን ምን ያስፈራዋል? ላጤ ስለ ትዳር፣ የፍርድ ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ስለ ክርክር እንዴት አድርጎ እንደሚያብራራ ታዝባችሁ እንደሆነ፣ የምለው ይገባችኋል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ምክር ተቀብያለሁ። መርከብ ልሳፈር በተነሣሁ ሰሞን የዘነበብኝን ያህል ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ አርባ ምንጭ ነው። ከነርስነት ትምህርት ቤት ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን መጀመሬ ነበር። ያደግሁት ደብረ ብርሃን በመሆኑ፣ ውሃን የማውቀው ፊት በመታጠብና በክረምት ወንዝ በመሻገር ነው። ከዚያ በላይ ትውውቅ አልነበረንም። አርባ ምንጭ ስደርስ ከላይ ሆኜ የአባያን ሐይቅ አየሁት፤ እንደ ጭቃ የቀላ፣ ማዶው የማይታይ ውሃ ነው። «ያምራል» አልኩ። ከሩቅ ያምራል ማለቴ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ማርታ ወደ ጤና ጣቢያችን መጣች። ከሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለች አንዲት ትንሽ መንደር ነው የመጣችው፤ ሙዟን በከተማው፣ ሲቀላ በሚባለው ገበያ ሸጣ ስትመለስ እግረ መንገዷን። እግረ መንገዷን ልበል እንጂ፣ በዚያ ወር ስትመጣ ሦስተኛዋ ነበር። በመንደሯ ያለፈው ዓመት ኩፍኝ ገብቶ ልጆች ፈጅቷል፤ ከእሷም ቤት አንድ ወስዷል። አሁን ደግሞ አጎራባች ቀበሌ ገብቷል ተባለ። የምትፈልገው ክትባት ነው።

«መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ መኪና አይገባም ብዬሻለሁ» አሏት ኃላፊያችን። ደግ ሰው ናቸው፤ መንገዱም በእርግጥ ተቆርጧል።

«መንገዱ ነው እንጂ ውሃው አልተቆረጠም» አለች።

ኃላፊያችን ዞር ብለው ቢሮውን ቃኙ። በዕድሜም በሥራ ዘመንም ከሁላችን ትንሹ እኔ ነበርኩ። ሌላ ምን ልበላችሁ?

ምክሩ የጀመረው የዚያኑ ቀን ነው። አከራዬ ውሃውን ቀና ብለህ እንዳታየው፣ ካየኸው ይጠራሃል አሉኝ። አንዱ ባልደረባዬ ባዶ ሆድህን ተሳፈር አለኝ፤ ሌላው ጥግብ ብለህ ብላ፣ ክብደት ይሆንሃል አለኝ። በግቢያችን የሚኖር የውሃ ምህንድስና ተማሪ ደግሞ ውሃን ሦስት ዓመት ሙሉ አጥንቷል፤ አንድም ቀን ግን ሐይቁ ላይ አልወጣም። እርሳስ አንሥቶ ጀልባ እንዴት እንደሚገለበጥና እንደማይገለበጥ በወረቀት ላይ ስሎ አሳየኝ። በጣም የሚያጽናና ሥዕል ነበር። ሥዕሉ ላይ አልሰጠምንም።

በማግስቱ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ከተማው «መርከብ» የሚላት ከብረት የተሠራች፣ ኋላዋ ላይ ሞተር የታሰረባት ጀልባ ናት፤ ርዝመቷ ቢበዛ የአንድ አይሱዙ መኪና መጫኛ ቢሆን ነው። መርከብ ያሏት ለክብሯ ይመስለኛል፤ እኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር እንደሚባለው። ነጂው ጋሽ ዛዛ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በውሃ ላይ ያረጁ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ መቼም የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን ልጠብቅ?» አልኳቸው።

«ውሃ» አሉ።

በጠዋት ልንነሣ ነበር። ነገር ግን አብሮን የሚሄደው ነጋዴ ከድር አረፈደ። ከድር ስልጤ ነው፤ ሲቀላ ላይ ሱቅ አለው፤ በገበያ ቀን የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ እየጫነ በሐይቁ ዳር መንደሮች ይሸጣል። ዕቃው ተጭኖ እስኪያልቅ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ጋሽ ዛዛ ሰማዩን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። አባያ ጠዋት የተኛ በሬ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ነው ጠባዩ የሚታወቀው። ይህን ማንም መካሪ አልነገረኝም።

የክትባቱን ሳጥን በበረዶ ሞልቼ፣ እንደ ታቦት አክብሬ አቅፌ፣ እትዬ ማርታ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሻችሁም። ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ የጋሞ ተራሮች በግራችን ሰማያዊ ሆነው ተደርድረዋል። እትዬ ማርታ በቅጠል የተጠቀለለ ኩርኩፋ ፈታ አጎረሰችኝ፤ የበቆሎውን እንክብል ከነሽፈራው ቅጠሉ። ከድር ስለ ልጆቹ ያወራል። እኔም «ለካ ይኸው ነው!» ብዬ ተዝናናሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ በአባያ ላይ ሄዷል።

ከባሕሩ መሀል ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለውና ዝም አለ። ማን እንደጣለው የማይታወቅ የዓሣ መረብ የሞተሩ ሽክርክሪት ላይ ተጠምጥሟል። ጋሽ ዛዛ ቢላቸውን አውጥተው ወደ ኋላ በሆዳቸው ተኙ። ሞተር የሌላት ጀልባ ደግሞ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች፤ ያን ጊዜ ነው ነፋሱም የተነሣው። አንዱ ማዕበል ገባ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ሲገባ ተሰማኝ። ራቅ ብሎ ግንድ ተንሳፎ አየሁ፤ ግንዱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ለካ አዞ ነው።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ብደብቅ ደስ ባለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። ወዴት ልሄድ እንደቆምኩ ዛሬም አላውቅም። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኛች፤ የከድር ጆጎች ተንኳኩ፤ ጋሽ ዛዛ በጋሞኛ አንድ ነገር ጮኹ፤ ትርጉሙን ማንም ሊነግረኝ ፈቃደኛ አልሆነም። እትዬ ማርታ ቀበቶዬን ጨምድዳ ወደ ታች ጎተተችኝና፣

«ቁጭ በይ!» አለችኝ።

አማርኛዋ በገበያ የለመደችው ነው፤ ሲቸኩልባት ወንዱን ሴት ታደርገዋለች። ወንድነቴን ለማስታወስ ጊዜው አልነበረም። ቁጭ አልኩ።

ከድር ወደ ጀልባዋ መሀል ተንከባለለና የዕቃውን ጥቅል በጥርሱ ቀደደ። ገና ወረቀታቸው ያልተነሣ አዳዲስ ሳፋዎች ፈሰሱ። አንዱን ለእኔ ወረወረ፣ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ። «ቅዳ! በአላህ ቅዳ!» ይላል። ቀዳን። እኔ በአንድ እጄ ሳጥኑን ይዤ በሌላው ነበር የምቀዳው። እትዬ ማርታ ይህን አየችና መቀነቷን ፈታ በሳጥኑ እጀታና በእኔ ቀበቶ አሳልፋ ከወገቧ ጋር አሰረችው። ሁለት እጅ ኖረኝ። ፈርቻለሁ፤ ግን ከአንድ ሰው ጋር ታስሮ መፍራት ብቻን ሆኖ እንደመፍራት አይደለም።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከድር በአረብኛ፣ እትዬ ማርታ በጋሞኛ፣ እኔ በግዕዝ ያስታወስኩትን እየጸለይን ስንቀዳ፣ ጋሽ ዛዛ ተቆራርጦ የወጣውን መረብ እንደ እባብ አንጠልጥለው ቀና አሉ። የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳቡት። አልተነሣም። ደግመው ሳቡ። ሦስተኛው ላይ ተነሣ። እንደዚያ ሞተር ድምፅ ያለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም።

ዳር ስንደርስ ደግፈው አወረዱኝ። እትዬ ማርታ መቀነቷን ስትፈታ፣

«ዋና ትችያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ሐይቅ ዳር ተወልጄ?»

«እነሱስ?» አልኩ፤ ወደ ጋሽ ዛዛና ከድር እያየሁ።

«ምንም አይችሉም።»

ልቤ ተነካ። «እኔን ልታወጪኝ ነበር ማለት ነው?»

ትንሽ አሰበች፤ ሰው ማስቀየም የምትወድ ሴት አይደለችም። «ሳጥኑን ካልለቀቅህ፣ አዎ» አለችኝ።

በረዶው አልቀለጠም ነበር። እናቶች ከጠዋት ጀምረው ልጆቻቸውን ታቅፈው ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ይጠብቁናል፤ ይቀራል ብሎ የሄደ አንድም የለም። እርጥብ ሱሪዬን እንደለበስኩ መከተብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ የእትዬ ማርታ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የቀረቻት እሷ ናት። ልጅቷ ጮኸች፣ ነከሰችኝም። እናቷ ግን ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲመሽ አንድ ሽማግሌ ለምለም ሣር ይዘው በየተራ መረቁን። ከድር ያስቀዳንባቸውን ሳፋዎች «ውሃ ነክቷቸዋል፤ አዲስ ብዬ አልሸጣቸውም» ብሎ ለእናቶቹ አደላቸው።

በዚያ ዓመት ኩፍኙ በአጎራባቹ ቀበሌ አለፈ፤ ያቺን መንደር ግን አልደፈራትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኃላፊያችን ቢሮአቸው ጠሩኝ። የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በእጃቸው ነበር፤ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «መርከቡ በማዕበል ሲመታ ሳይደናገጥ ተሳፋሪውን ላረጋጋው ጀግና ነርስ» ይላል። ፊቴ ጋለ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት፤ ኃላፊያችንም ትሕትና መስሏቸው ጭራሽ ወደዱኝ። ደብዳቤው የግል ማኅደሬ ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

ሲቀላ ገበያ እትዬ ማርታን ሳገኛት ከሙዟ ጀርባ ተቀምጣ ነበር። «ያን ውሸት ማነው ያስጻፈው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ምንም አላፈረችም። «ባለፈው ዓመት አንድ ጤና ባለሙያ መጥቶ ነበር። ውሃው ላይ ስለፈራ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ድጋሚ አልመጣም። የተሳቀበት ሰው አይመለስም፤ የተመሰገነ ግን ይመለሳል።»

ሙዝ መርጣ ሰጠችኝ፤ እየላጥኩ ሄድኩ።

አርባ ምንጭን እስክለቅ ድረስ ወደዚያች መንደር አምስት ጊዜ ተመለስኩ።