ጄኔራሉ ማዘጋጃ ቤት የዘመቱ ዕለት

በየሰፈሩ አዲስ መመሪያ ሲወጣ ልጁን የዳረ ያህል የሚደሰት አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ መመሪያ ሲባል ቶሎ ኪሳችንን ነው የምንነካው። እሱ ግን ፊቱ ይበራል፣ የጫማውን ክር ያጠብቃል፣ የሰው በር ማንኳኳት ይጀምራል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ በደንብ አላያችሁም፤ ወይም ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛው «ክቡር ጄኔራል» ይባላሉ። ከጦሩ የተሰናበቱት በሃምሳ አለቃነት ነው፤ ያውም የጭነት መኪና ሹፌር ሆነው። የቀረውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ነን። መጀመሪያ ለቀልድ ሻምበል አልናቸው። የመንገዱ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ የመብራት ኃይል ስልክ ተቀባይዋ ገና ሲተነፍሱ ለይታቸው «አባባ፣ ደህና አደሩ?» እስክትል ድረስ በየማለዳው ደውለው ሲያስበሩልን ኮሎኔል ሆኑ። ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ለአረጋውያን ወንበር ያስወጡ ዕለት ደግሞ በሙሉ ድምፅ ጄኔራል አደረግናቸው። እሳቸውም ሹመቱን እንቢ አላሉም። ከአፋቸው የማይጠፉ ሁለት አባባሎች አሏቸው፤ አንዱ «መብት ነው፣ ልመና አይደለም» ሲሆን ሌላው «ተነሱ እንጂ» ነው። ሁለተኛውን ለቆመ ሰውም ይሉታል።

ባለፈው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ አንድ ዜና ተናገረ። ማዘጋጃ ቤቱ በገዛ ቤታቸው ለሚኖሩ ጡረተኞች፣ ሰባ ዓመት ላለፋቸውና ለቀድሞ ወታደሮች የቤት ግብሩን በግማሽ ቀንሷል። ዜና አንባቢው ወደ ስፖርቱ ሳይሻገር ጄኔራሉ ሬዲዮናቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የጎረሱትን ሳይውጡ መንገድ ላይ ነበሩ።

መጀመሪያ ያንኳኩት የጡረተኛዋን መምህርት በር ነው።

«እትዬ፣ ጡረታዎ…» አሉና ትንፋሽ አጠራቸው።

መምህርቷ ግድግዳውን ተደገፉ። «ተቋረጠ?»

«ኧረ የምን መቋረጥ! ግብር ተቀነሰልዎ ነው የምልዎ። የቤቱን ካርታ ይፈልጉ፤ ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

ቀጥለው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገቡ። የፀጉር አስተካካዩ ዕድሜ ስልሳ ነው፤ ካወቅኳቸው ጀምሮ ስልሳ ነው። ቅናሹን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈካ፣ ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«ዕድሜዬን ለማን ነው የምናገረው?»

«ለማዘጋጃ ቤቱ።»

«ሰው ባለበት?»

«በጆሮው እንነግረዋለን» አሉ ጄኔራሉ፣ የጦር ሚስጥር እንደሚጠብቅ ሰው።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርሱ ግን ደላላ በሩ ላይ ቆሞ አገኙ። ባሏ ወታደር ነበር፤ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ልጆቿን በስፌት መኪናዋ እየሰፋች አሳድጋ ወግ ማዕረግ አድርሳለች። ዘንድሮ የቤቶች ግምት እንደ አዲስ ተሠርቶ ግብሩ ወደ ላይ ሲተኮስ ግን አቅሟ አለቀ፤ ቤቱን ልትሸጠው ቆርጣለች።

«ጄኔራል፣ እኔ እኮ ወስኛለሁ» አለቻቸው ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ወጣ ብሎ አነስ ያለች ቤት አላጣም።»

ጄኔራሉ ወደ ደላላው ዞሩ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ና። ጠዋት ሥራ ስላለን አንመችህም።»

ደላላው ፊታቸውን አየና መንገዱን ቀጠለ።

በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ጡረተኛም ወታደርም አይደለሁም፤ ግን ሌሊቱን ተሹሜ ኖሯል። «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አይደል?» አሉኝ ጄኔራሉ። «በቃ ከኋላችን ቁም። ምንም እንዳትናገር። እስክሪብቶህ ብቻ ይታይ።» እሳቸው ከፊት ተቀምጠው ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ያርሙታል። መምህርቷ ሽርሽር እንደሚሄድ ተማሪ መስኮቱን ከፍተው ይስቃሉ።

የግብር ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስታወት መስኮት በኩል የሚያስተናግደው ወጣት ክራቫቱን አላልቶ ተቀምጧል። መምህርቷ በደቂቃ ጨረሱ። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ።

«ሰባ አራት?» አለ ወጣቱ፣ መተላለፊያው በሙሉ እስኪሰማ።

መምህርቷ ቀስ ብለው ዞሩ። «ስልሳ ነኝ ብለውኝ አልነበር?»

«ያኔ ነበርኩ» አሉ ፀጉር አስተካካዩ።

ሳቁ ሳይበርድ የልብስ ሰፊዋ ተራ ደረሰ። ወጣቱ ወረቀቶቿን አገላብጦ ፊቱን ቅጭም አደረገው።

«እናቴ፣ ቅናሹ ለራሱ ለወታደሩ ነው። እሳቸው ደግሞ በሕይወት የሉም።»

ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጄኔራሉ ግን አልጮኹም። እጃቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው «ልጄ» አሉት በዝግታ፣ «እሱ ግንባር በነበረ ጊዜ ይህን ቤት ማን ይመስልሃል የጠበቀው?»

«ይገባኛል አባቴ» አለ ወጣቱ። «ግን መመሪያው…»

«ተዉት ጄኔራል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወረቀቷን እየሰበሰበች። «ልጁን አናስጨንቀው። ደግሞ ዛሬ ጡረታ የምቀበልበት ቀን ነው፤ ሰልፉ ሳይረዝም ልድረስ።»

ወጣቱ ቀና አለ። «የማንን ጡረታ ነው የሚቀበሉት?»

«የባለቤቴን ነዋ።»

«ደብተሩ በማን ስም ነው?»

«በኔ። እሱ ሲሞት ወደ እኔ አዞሩት።»

«ታዲያ እናቴ፣ ጡረተኛ ነኝ ብለው አይነግሩኝም?»

«የሱ ነው ብዬ እኮ ነው» አለች።

ወጣቱ ማህተሙን አነሳ። ሲያሳርፈው መምህርቷ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ሰልፉ አጨበጨበ፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ ያላወቀው የጥበቃ ሠራተኛም አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። ጄኔራሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት፤ ሌላ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነው።

«እሺ አባቴ፣ የእርስዎንስ?» አለ ወጣቱ ደስታው ተጋብቶበት። «የቤትዎን ካርታ ይስጡኝ።»

«እኔ ቤት የለኝም» አሉ ጄኔራሉ። «ተከራይ ነኝ።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። የሚገርመው ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ከፀጉር አስተካካዩ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው ስንት ዘመን ኖረዋል። ግን አጥሩን የሚቀቡት እሳቸው፣ ደጁን የሚጠርጉት እሳቸው፣ ለሰፈሩ የሚሟገቱት እሳቸው ስለሆኑ ማናችንም ትዝ አላለንም።

«ታዲያ ምን አደከመዎት?» አለ ወጣቱ።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ወታደር በነበርኩ ጊዜም የጠበቅኩት ቤት የኔ አልነበረም።»

ይህን ያሉት በታላቅ ቃና አይደለም፤ ልብስ ሰፊዋን ወደ ደረጃው እየመሩ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠን እየተጣደፉ ነው። እኔም እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። ፀጉር አስተካካዩ ከንግዲህ ኪራይ አልጨምርም ብለው ጮክ ብለው ማሉ፤ መምህርቷ ምስክር ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ደላላው በቀጠሮው መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን አይታ ጫፉ ተተርትሯል አለችው፤ ሰፋችለትና ሸኘችው።

በሳምንቱ ጄኔራሉ የኔን በር አንኳኩ።

«አንተ ጡረታ የምትወጣው መቼ ነው?»

«ኧረ ጄኔራል፣ ገና ነኝ።»

«ገና አትበል። ካሁኑ እንዘጋጃለን» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ያኔ የሚገቡኝን መብቶች አንድ በአንድ ሲነግሩኝ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ማርጀት ስፈራው የኖርኩት ነገር ነው። ያን ቀን ግን እሳቸውን እያዳመጥኩ፣ ምነው ቶሎ በደረሰ አልኩ።