ክቡር ግንበኛችን የሚጨፍኑት ዓይን

ዓይኔ ደከመ ከማለት ዓለም ጠመመች ማለት የሚቀለው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ለልደታ የደረሱን ክቡር ግንበኛ ጋሽ ኃይለመለኮት ነበሩ፤ በጣሊያን ጊዜ ከዚህ እስከ አብነት የእሳቸው እጅ ያልነካው የድንጋይ ካብ የለም።

ጋሼ ግንብ ሲያዩ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኙ ያነጣጥራሉ። ሌላው ግንበኛ በክር አንጠልጥሎ ቀጥታውን የሚለካባትን ቱንቢ ስሟን እንኳን መስማት አይወዱም። «ቱንቢ ለዕውር ነው!» ይላሉ።

ታዲያ አንድ በጋ የሰፈሩ ግንብ ሁሉ ጠመመባቸው። የጣሊያን አሠሪያቸውን መጋዘን አነጣጥረው አዩና «ሆዱን ነፍቷል፣ ይፍረስ!» አሉ። ጣሊያኑ ቱንቢ ቢጥል ግንቡ ቀጥ ብሏል። ወዲያው አባረራቸው። ሰፈራችን ግን «ነጩን ፊት ለፊት ተናገሩት!» ብሎ አነገሣቸው።

የክብራቸው ዕዳ በእኔ ላይ ወደቀ። ክረምት ሳይገባ የቤቴን ግድግዳ እንዲጨርሱልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ ባለቤቴ ታየች ደግሞ እርግዝናዋ ገፍቷል። ጋሼ ጠዋት የካቡትን ከሰዓት ያፈርሱታል።

«ጋሼ፣ ደመናው መጣ እኮ!»

«ጠማማ ቤት ውስጥ ልጅ አይወለድም!»

አንድ ቀን ታየች አንጀቷ አረረ። «እስቲ በዚያኛው ይዩት» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈነችው። ጋሼ ግድግዳውን አዩ፤ ደግመው አዩ።

«ተቃንቷል» አሉ።

«ምኑ?»

«ግድግዳው ነዋ!»

ወይ ጉድ! ዓይኔ ነው አይሉም! እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ፈረንጁ መርምሮ በአስተርጓሚ ነገረን፤ ከቀኝ ዓይናቸው ጀርባ መብቀል የሌለበት ደም ሥር በቅሎ ያፈሳል፣ ቀጥ ያለውን የሚያጣምምባቸው እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ግራውም ሊከተል ይችላል።

«ማን ፈቅዶለት ነው ከዓይኔ ጀርባ የሚገነባው? ያውም የሚያፈስ!» ብለው ሐኪሙ ላይ ጮኹበት።

ተመልሰን ደጄ ስንደርስ ግራቸውን ጨፍነው አዩኝ። «ጆሮህ አለ፤ የፊትህ መሐል ግን ጠፍቷል።» ቀጥለው ቀኙን ጨፈኑ። «አሁን አለህ። ይኸኛውም ከሄደ ግን ምን ሠርቼ እበላለሁ? ከግንብ በቀር የማውቀው የለኝም።»

በግራቸው እያነጣጠሩ ግድግዳዬን ዝናቡ ሳይደርስ ጨረሱልኝ፤ ሴት ልጅም ተወለደችልን። ጋሼ ግን በየማለዳው ደጄን ማንኳኳት ጀመሩ። እንግዳ ይኑር ምግብ ይቅረብ ግድ የላቸውም። «ቆይ፣ አትነቃነቅ!» ብለው፣ ቀኛቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫዬን ይመረምራሉ። «አለህ» ብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። እንዴት እንደሚያናድድ!

አንድ ማለዳ ቀሩ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ጋሼ የሉም። ግራውም ከድቷቸው ይሆን? ከአልጋዬ እንደወረድኩ እስከ ቤታቸው በሩጫ! ለካ እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሯል፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዛጋሉ። እያለከለክሁ ፊቴን አስጠጋሁላቸው።

«ይዩኝ እስቲ! አለሁ?»

ቀኛቸውን ጨፍነው አዩኝ። የዚያን ጊዜ የለመንኩትን ልመና ለራሴም ለምኜ አላውቅ።

«አለህ» አሉ። «ዓይናርህን ግን አልጠረግህም። ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ? ሂድ ታጠብ!»

አገላብጬ ሳምኳቸው።