ቀይ ክር የታሰረበት ቤንዚን

ቆቦ ላይ ፀሐይ ሲከር ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይከራከራል። እኛ ሰፈር ደግሞ እንቅልፍ የሚወድ የለም። ሰሞኑን የያዝነው ክርክር ምን መሰላችሁ? ለፈጣን መኪና ልዩ ቤንዚን መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

አትሳቁ እንጂ። አውቃለሁ፣ እኛ ከተማ ቤንዚን መገኘቱ ራሱ ልዩ ነው። «ቤንዚን አልቋል» የሚለው ወረቀት እንኳ ተለጥፎ ከመቆየቱ የተነሳ ፀሐይ አንጥቶት አይነበብም። ግን አልቋል የተባለውን ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። የእኛ ሰው ደግሞ ሳያማርጥ አይገዛም። ማሽላ ሲገዛ በመዳፉ ያሻል፣ ግመል ሲገዛ ጥርስ ገልጦ ያያል። ቤንዚንስ ምን በወጣው በጅምላ ይገዛል?

ይህ የገባቸው እትዬ ዘሃራ ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ዣንጥላ ሥር ተቀምጠው ቤንዚን ይሸጣሉ። በግራቸው ተራውን ይደረድራሉ። በቀኛቸው ደግሞ አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበትን። ቀይ ክር ያለው «ልዩ» ይባላል፤ ዋጋውም ልዩ ነው። ምኑ ነው ልዩ የሚያደርገው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ «ልጄ፣ አንተ ምን አስጨነቀህ? መኪናው ያውቀዋል» ይሉታል። መኪና ደግሞ ቀርቦ አይመሰክር ነገር!

የክርክሩ መነሻ ወዳጄ ሰይድ ነው። ሰይድ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ልቡ ነጭ፣ እጁ ሰፊ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ሰው። አምና ሽንኩርቱ ቀናውና መኪና ልገዛ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሽንኩርት ነጋዴ ምን ይገዛል? የጭነት መኪና ነዋ! ሰይዳችን ግን ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ቀይ የውድድር መኪና ይዞ መጣ። ሽንኩርቱ አሁንም በሰው መኪና ነው የሚጫነው።

ያሻሻጠው ደላላ «ይህችን መኪና ከልዩ ቤንዚን ሌላ ካጠጣሃት ትሞትብሃለች» ብሎታል። የነዳጅ መክደኛዋ ላይም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሰይድ ምን እንደሚል ባያውቅም ፎቶ አንስቶ በስልኩ ይዞታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ?

እኔ እንግዲህ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። እዚህ አገር ኬሚስትሪ ማስተማር ጣጣ አለው። ማር የገዛ «ስኳር አለበት?» ብሎ ያስቀምሰኛል፤ ቅቤ የገዛ ያስሸትተኛል። ሰይድም እጄን ይዞ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ወሰደኝ። እሳቸውም መዳፌ ላይ ከልዩው ጠብ አደረጉልኝ። አገሬው ቤንዚን የሚፈትነው እንዲህ ነው፤ ቶሎ ከተነነ ንጹህ፣ ከቆየ ባዕድ ነገር ገብቶበታል። ገና እፍ ሳልልበት ጠፋ። ሰይድ «አየህ!» ብሎ ጮኸ።

ኧረ በቆቦ ሙቀት የማይተን ምን አለ? የእኔ ደመወዝ በሦስተኛው ቀን አይደል እንዴ የሚተነው! ይህን መናገር ነበረብኝ። ግን እትዬ ዘሃራ አፍጥጠው ያዩኛል፤ ሰይድም ምሳ ሊጋብዘኝ ነው። «ጥሩ ይመስላል» አልኩ። በማግስቱ «ጥሩ ይመስላል» ያልኩት «መምህሩ በላብራቶሪ አረጋገጡ» ሆኖ ከተማውን ዞረ። የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ውስጥ ያለው አንድ የተሰነጠቀ ብልቃጥ ብቻ ነው።

ኋላ ግን ኅሊናዬ ቆረቆረኝና ሰይድን አስቀምጬ አስረዳሁት። ሰው ልዩ ቤንዚን ጉልበት አለው ይላል። ጉልበት አይደለም፤ ትዕግስት ነው ያለው። ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ ከአየር ጋር ይጨመቅና ብልጭታ ሲመጣ ይነዳል። ተራው አጥብቀው ከጨመቁት ብልጭታውን ሳይጠብቅ በገዛ ንዴቱ ቦግ ይላል። ልዩው ግን እስኪያቀጣጥሉት ታግሶ ይጠብቃል። ስለዚህ አጥብቆ ለሚጨምቅ ሞተር እውነተኛው ልዩ ቤንዚን ያዋጣል። ለሌላው አህያ ማር አይጥማትም ነው። እትዬ ዘሃራ ዘንድ ያለው እውነተኛው ይሁን አይሁን ደግሞ በመዳፍ አይታወቅም አልኩት። ሰይድ በጥሞና ሰማኝና፣ ስጨርስ «ስለዚህ ቀይ ክሩ ይሻላል ማለት ነው» አለኝ።

ግቢ የምንጋራው ውብሸት ይህን ሰምቶ ተበሳጨ። ውብሸት የሂሳብ መምህር ነው፣ ላጤ። ላጤ የሆነውም አስልቶ ነው፤ ሚስት ማግባት እንደማያዋጣ በደብተር ሠርቶ አሳይቶኛል። እና ምን አደረገ? ሰይድም እትዬ ዘሃራም ሳያዩ ከልዩው ጠርሙስ ላይ ቀዩን ክር ፈትቶ ተራው ላይ አሰረው። ሰይድ ክር ያለውን ቀድቶ ሮቢት ደርሶ ተመለሰ። «ወላሂ መሬት አልነካችም!» አለ። ቀጥሎ ክር የሌለውን፣ ማለትም «ልዩውን» ቀድቶ ሄደና ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «ሳል ጀምሯታል» አለን።

ውብሸት ደስታውን አልቻለውም። ክሩን እንጂ ቤንዚኑን አልገዛህም ብሎ አፈጠጠበት። ሰይድ ትንሽ አሰበና «አብሽር፣ ክሩም ቢሆን ጥሩ ክር ነው» አለው። ከዚህ በኋላ ምን ትሉታላችሁ?

እዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ነገሩ የመረረው ሰይድ ዘይነባን ያየ ቀን ነው። ዘይነባ ጎብዬ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ነው የምትሠራው። ሰይድ ራሱን አሞት ኪኒን ሊቀበል ገባ። ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ ዘይነባ ግን አልለቀቀችውም። ምግብ ቀረ፣ ሳቅ ቀረ፣ ሱሪው ሰፋበት። እሷን ካላገኘሁ ሌላ አላገባም ብሎ ምሎ ተገዘተ። ችግሩ አባቷ ናቸው። አያ ይማም ባለ ወፍጮ፣ ቁጥብ፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊት የመጡ ሁለት ፈላጊዎችን «ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ ሰው ልጅ አይዝም» ብለው መልሰዋል። እንግዲህ የእኛን ሰው አስቡት! ባለ ቀይ ክሩን!

ሽማግሌ ተመረጠ። አያ እንድሪስ ዋና ተናጋሪ ሆኑ፤ ነገር ሲያበርዱ ውሃ ናቸው። ጡረታ የወጡት ጋሽ ሞላ ተጨመሩ። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ፣ «የተማረ ሰው ይግባበት» ተብሎ። በደንቡ ፈላጊው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ሆኖ ዱዓ እያደረገ ይጠብቃል። ሰይድ ግን መኪናዋን ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም አለ። በባጃጅ እንሂድ ብንል፣ ለዘይነባ በባጃጅ ሽማግሌ አልክም አለ። ስለዚህ ሹፌር መስሎ ሊወስደን ሆነ። በዓለም ላይ ራሱ የላካቸውን ሽማግሌዎች ራሱ ነድቶ የወሰደ ፈላጊ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የመኪናዋ የኋላ ወንበር ለድመትም አይበቃ። ጋሽ ሞላና እኔ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ታጠፍን። አያ እንድሪስ ፊት ተቀመጡ፤ ዱላቸው ግን አልገባም ብሎ በመስኮት ወጣ። ሰይድ ከእትዬ ዘሃራ ልዩውን ሞልቶ «ቢስሚላህ» አለና ተነሳን። መኪናዋ ጮኸች፣ ከተማው ዞሮ አየን፣ አያ እንድሪስ ሸሃዳ ያዙ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መጣ። መኪናዋ ሆዷ ዝቅተኛ ስለሆነ ሰው ጭና አታልፈውም። ወረድን። በእግራችን ተሻገርን። ተመልሰን ታጠፍን። ሮቢት ስንደርስ ሌላ ጉብታ። ወረድን። አሁንም ሌላ። ፍየል የጫነ ባጃጅ በአጠገባችን ሲያልፍ ፍየሎቹ ሳይቀሩ አዩን። አያ እንድሪስ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» ብለው ተነፈሱ። ጋሽ ሞላ ግን እግራቸው ደንዝዞ ተናደው ነበር። እኔም፣ እንዲህ ተጨምቀን እስካሁን ያልነደድን እኛ ነን ልዩዎቹ፣ ብዬ አጽናናኋቸው። አልሳቁም።

ጎብዬ ስንደርስ ሰይድ መኪናዋን ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አቁሞ መሪው ሥር አጎንብሶ ተደበቀ። ያችን ቀይ መኪና አቁሞ መደበቅ! እኛ ከደጅ ቆመን ሰላም አልን። አያ ይማም «ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ፤ እንደሚያውቁት ፊታቸው ያስታውቃል። ግቡ ሲሉን ገብተን፣ ተቀመጡ እስኪሉን ቆምን። ከተቀመጥን በኋላ በመስኮት አሻግረው ተመለከቱና ያ መኪና ውስጥ የተጎነበሰው ሰውዬ ማነው አሉ። ጋሽ ሞላ «ሹፌራችን ነው» አሉ። «አይ የአላህ ባሪያ፣ በዚህ ፀሐይ ሊቀቀል ነው» አሉና ልጃቸውን ጠሩ። ዘይነባ በሃይላንድ ውሃ ሞልታ ወደ «ሹፌሩ» ሄደች።

አያ እንድሪስ ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ዘር፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰይድ ደግነት አሳምረው ተናገሩ። አያ ይማም እስኪጨርሱ ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። መኪናዋ የልጃችሁ ከሆነች ምን ትጠጣለች? አሉ። ጋሽ ሞላ ኮራ ብለው «ልዩ ቤንዚን ነዋ! ከእትዬ ዘሃራ! መምህሩም በላብራቶሪ አረጋግጠውታል» አሉ። ምነው ምላሳቸውን በቆረጠው!

አያ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው መምህር? ቀይ ክር ያለው ከሌላው ይለያል?»

ይለያል ብል ሽማግሌ ሆኜ ዋሸሁ። አይለይም ብል ወዳጄን ጅል አደረግሁት፣ ዘይነባም ቀረች። የሰይድ የሰፋ ሱሪ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እንደ ምንም ብዬ «እኔ እስከማውቀው ልዩነቱ ክሩ ነው» አልኩ። ጋሽ ሞላ እግሬን ረገጡኝ። አያ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አያ ይማም ፊታቸው አልተለወጠም። «እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ለዘሃራ ቤንዚኑን የማቀብላት እኔ ነኝ። ሁሉም ከአንድ በርሜል ነው የሚቀዳው። ክሩ የራሷ ነው።»

አለቀ! አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለውን ቁጥብ ሰው፣ ክር የሚገዛ አማች እንስጥዎ ልንላቸው ነው የመጣን። በዚህ መሃል ዘይነባ አፏን በሻሿ ሸፍና ገባች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው።

አባቷ ሹፌሩ ምን አለሽ አሏት።

«‹እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም፣ ልዩ ነው› አለኝ።»

«ከየት ቀድተሽ ነው?»

«ከቧንቧው ነዋ፣ አባ።»

«ጠርሙሱስ?»

ዘይነባ መሬት መሬት አየች። «አልመልስም አለኝ» አለች።

አያ ይማም ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩ። እንድትወጣ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ስሙኝ» አሉ። «ዘይነባ አንድ ልጄ ናት፣ ዓይኔ ናት። ግን አንሸዋወድ፣ እሷም እንደ ሰው ልጅ ናት። ትቆጣለች። ወጥ ታሳርራለች። ከዚያው እኛ ሁላችን ከተቀዳንበት በርሜል ነው የተቀዳችው። ከዚህ በፊት የመጡት ብልጦች ነበሩ። ብልጥ ባል ሚስቱን ከጎረቤት ሚስት ጋር እያመዛዘነ ነው የሚኖር። ይሄ ሰው ግን፣ ወሬው ደርሶኛል፣ ያው ነው እየተባለ፣ በማስረጃ እየተነገረው፣ የለም ልዩ ነው ብሎ ዕድሜ ልኩን የሚከፍል ከሆነ…» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ኢንሻአላህ፣ ሰጥቻለሁ። አሁን ያንን ሹፌር አስገቡት፤ አንገቱ ይሰበራል።»

ዱዓ ተደረገ። ሰይድ ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ጠርሙሱን እንደያዘ። በመልሱ ጉብታ በመጣ ቁጥር እየወረድን ስንሻገር ጋሽ ሞላ እንኳ ያፏጩ ነበር።

ታዲያ እትዬ ዘሃራ ሰው ናቸው? ወሬው ቆቦ ሳይደርስ ዋጋ ጨመሩ። «ሚስት ያስገኘ ቤንዚን በድሮ ዋጋ አይሸጥም» አሉ። ባለ ቀይ ክሩ ከተማው ውስጥ ያለውን ላጤ ሁሉ አሰለፈ። እኔም በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል እያልኩ ሰልፉን ስቃኝ ከመጨረሻው ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ውብሸትን! መኪና የለው፣ ባጃጅ የለው፣ ብስክሌት እንኳ የለው። ባለ ቀይ ክር ጠርሙስ ገዝቶ ኮቱ ውስጥ ሊደብቅ ሲታገል ደረስኩበት።

ምንህ ላይ ልትቀዳው ነው? አልኩት።

ግራና ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይልቅ ቅዳሜ ምን ሥራ አለህ?» አለኝ። «ሽማግሌ ጎድሎኛል።»